የአባዬ የበረዶ ሥዕል እና አዲስ አበባ ላይ ያስገመትኩበት ሱቅ

አዲስ አበባ ሄዳችሁ የቤታችሁን የቆየ ሥዕል ዋጋ ማስገመት ካሰባችሁ፣ ሥዕሉን ለማንም ጥላችሁ አትውጡ። ይህን የምጽፈው አንጀቴ አርሮ ነው።

ሥዕሉ የአባዬ ነው። በደርግ ጊዜ ሌኒንግራድ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣ የዘይት ቀለም ሥዕል። በረዶ የተሸከሙ የበርች ዛፎች፣ የረጋ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ አንዲት የእንጨት ቤት። ካዛንቺስ ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቡፌው በላይ ተሰቅሎ አደግን። አሁን የምኖረው ስቶክሆልም ነው። እዚያ በረዶ መጣል ሲጀምር ሁሌም ያ ሳሎን ነው የሚመጣብኝ። ካዛንቺስ ፈርሶ እማዬ ሰሚት ስትገባ ሥዕሉ በአንሶላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ጀርባ ገባ። አባዬም የለም። ከወንድሞቼ ጋር የውርሱን ነገር ስናነሳ፣ ቀኝ ጥግ ላይ ያለው ቡናማ ፊርማ የማን እንደሆነና ሥዕሉ ስንት እንደሚያወጣ ላጣራ ተባባልን።

ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ የሥዕልና የጥንት ዕቃ ሱቅ ወሰድኩት። ሰውየው አነጋገሩ ደስ ይላል። «እህቴ፣ ይሄ በባለሙያ መታየት አለበት፤ ተይውና ሐሙስ ነይ» አለኝ። ለግምት 12 ሺህ ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ማሽኑ ተበላሽቷል። ሐሙስ ስሄድ ባለሙያው ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ሰኞ መብራት የለም። ከዚያ ስልክ አይነሳም። የመመለሻዬ ቀን እየደረሰ ነው፤ እማዬ ደግሞ ማታ ማታ «የአባትሽን ዕቃ የት አደረስሽው?» ትለኛለች። እንደገና ስሄድ ቀለሙ ላቦራቶሪ መግባት አለበት ተብሎ ሌላ 8 ሺህ ተጠየቅኩ። ሥዕሉ እጃቸው ላይ ነውና ከፈልኩ። የትኛው ላቦራቶሪ እንደሆነ የነገረኝ የለም።

በመጨረሻ የሰጡኝ ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው። የገማቹ ስም የለውም፣ ማህተም የለውም። ፊርማው አይነበብም፣ ሥዕሉ ህትመት ነው፣ ዋጋው 5 ሺህ ብር ነው ይላል። ወረቀቱን አንብቤ ሳልጨርስ ሰውየው «ለመሸከምም ያስቸግርሻል፤ ለአንቺ ብዬ በ7 ሺህ ልውሰደው» አለኝ። 5 ሺህ ነው ያልከውን ለምን በ7 ትገዛለህ? ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ራሱ ሊገዛ ከፈለገ ግምቱን አትመኑ። ሥዕሉን ሳየው ደግሞ ፊርማው አጠገብ በሆነ ነገር ታሽቶ ቫርኒሹ ነጭ ሆኗል። «አቧራ ነው የጠረግነው» አሉኝ። ዳያስፖራ ናት ተብሎ ገንዘቤ መወሰዱ አንድ ነገር ነው። የአባዬን ሥዕል መንካታቸውን ግን እስካሁን መርሳት አልቻልኩም።

ከዚህ ሁሉ ያዳነኝ አምስት ኪሎ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። የአጎቴ ልጅ ነው ያገናኘን። ጋሼም የተማሩት ሌኒንግራድ ነው። ሥዕሉን ገና ሲቀበሉ ገለበጡት። ጀርባው ላይ በእርሳስ የሠዓሊው ስም፣ የሥዕሉ ርዕስና ስፋቱ በሴንቲሜትር ተጽፏል፤ የሶቭየት የሠዓሊዎች ፈንድ ወይን ጠጅ ማህተምም አለበት። ሱቁ ይህን ጀርባ ጭራሽ አላየውም፣ ወይም አይቶ ዝም ብሏል።

ከዚያ የስልካቸውን ባትሪ ከጎን አበሩና አጉሊ መነጽር ሰጡኝ። «እይው ልጄ፣ ህትመት ቢሆን ነጠብጣብ ይታይሽ ነበር» አሉ። እኔ ያየሁት በረዶው ላይ የቆመ የብሩሽ ፈለግ ነው። ፊርማው ላይ ደግሞ ሥዕል ሲያረጅ የሚፈጠረው ስንጥቅ የፊርማውንም ቀለም አብሮ ሰንጥቆታል። የፊርማው ቀለም ወደ ስንጥቁ ውስጥ ቢፈስ ኖሮ በኋላ የተጨመረ ነው ማለት ነበር። የራሽያ ፊደል ላቲን ስለሚመስል ብዙ ሰው ስሙን አሳስቶ እንደሚያነበውም ነገሩኝ። ለድካማቸው አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም።

ፊርማ ብቻውን እንደማይበቃ እኛው ከተማ ስቶክሆልም የታየ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ቡኮውስኪስ የሚባለው የስቶክሆልም ጨረታ ቤት የሸጠው የሆላንዳዊው የማሪኑስ ኩክኩክ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ሶዘቢስ ጨረታ ቤት የታዋቂው ሩሲያዊ ሠዓሊ የሺሽኪን ሆኖ ቀረበ። የኩክኩክ ፊርማ ተፍቆ የሺሽኪን ተጽፎበት፣ እረኛውም ተሸፍኖ ነበር። ግምቱ ከ550 እስከ 700 ሺህ ፓውንድ ደርሶ ነው ከጨረታው የወጣው።

የፊቱን፣ የጀርባውንና የፊርማውን ፎቶ ስቶክሆልም ላለ አንድ ጨረታ ቤት በኢሜይል ላክሁ። ሳምንት ሳይሞላ በነጻ መለሱልኝ፤ ሥዕሉንም እንድተው የጠየቀኝ የለም። ሠዓሊው የሌኒንግራድ የሠዓሊዎች ማኅበር አባል ነበር፣ ግምቱ ከ6 እስከ 9 ሺህ የስዊድን ክሮነር። ይህ የጨረታ ግምት ነው። ቢሸጥ የእነሱ ኮሚሽን ይቀነሳል፤ ለኢንሹራንስ የሚጻፈው ዋጋ ደግሞ ከዚህ ከፍ ይላል።

አንሸጠውም። እማዬ አልፈቀደችም፣ እኔም አልፈልግም። ከአገር ይዛችሁ መውጣት የምትፈልጉ ግን አስቀድማችሁ ቅርስ ባለሥልጣን ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም፤ ሥዕላችሁ የውጭ አገር ሥራ ቢሆንም ወረቀት መያዙ ኤርፖርት ላይ ከመጨቃጨቅ ያድናችኋል።

20 ሺህ ብሬን ወንድሜ እየተመላለሰ እየጠየቀልኝ ነው፤ እስካሁን «ባለቤቱ የለም» ነው መልሱ። ያን የነጣውን ጥግ ሥዕሉን ሳይጎዳ የሚያስተካክል የሥዕል ጥገና ባለሙያ አዲስ አበባ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።