የነዳጅ ጌጅ ሲዋሽ፦ ከሽቦው እንጀምር ወይስ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) እንክፈት?

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር የነዳጅ ጌጁ ቢወዛወዝበት፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድል፣ ብልሽት ነው ብሎ ከመደምደሙ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ ይመልከት። መርፌው እዚያም ካልተስተካከለ ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ከሽቦው መጀመር ነው። ፊውዙ ከታየ በኋላ ከሰልባትዮው ወደ ዳሽቦርዱ የሚሄደው ሽቦ ይነቀልና፣ ቁልፉ ተከፍቶ ጫፉ ለአፍታ ከቦዲው ጋር ይነካል፤ መርፌው ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ከሄደ ጌጁና መስመሩ ደህና ናቸው፣ ችግሩም ሰልባትዮው ውስጥ ነው። ንቅንቅ ካላለ ጥፋቱ የጌጁ ወይም የመስመሩ ነው። ወጪው ከምንም አይቆጠርም፣ ጊዜውም ቡና እስኪፈላ ያህል ነው። ሆኖም ብልጭታ ስለሚፈጥር ነዳጅ በሚሸትበት ቦታ አይሞከርም፤ ጌጃቸው በኮምፒውተር ለሚሠራ አዳዲስ መኪኖችም አይሆንም።

ሁለተኛው ተንሳፋፊውን፣ ማለትም ሰልባትዮው ውስጥ ከነዳጁ ጋር ከፍና ዝቅ እያለ መጠኑን ለጌጁ የሚነግረውን ክፍል፣ አውጥቶ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) መለካት ነው። ክንዱ በዝግታ ወደ ላይ ሲነሳ የኦሙ (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ቁጥር ሳይቆራረጥ መለወጥ አለበት፤ በብዙ የአሜሪካ ሥሪቶች ባዶው 240፣ ሙሉው 33 አካባቢ ሲሆን፣ የአውሮፓዎቹ በአንጻሩ ከ10 ወደ 180 ይወጣሉ። መልሱ የማያሻማ ነው፤ ነገር ግን ነዳጁን ቀድቶ ማውጣትን፣ አንዳንዴም ሰልባትዮውን ማውረድንና አዲስ ጓርኒሲዮን (ማፍሰስ የሚከለክል ማሸጊያ) መግዛትን ይጠይቃል።

መርፌው ፈጽሞ ለሞተበት መኪና ሽቦውን አስቀድማለሁ። ግማሽ ላይ ለሚጣበቅ ወይም በሜዳ መንገድ ለሚዘል ግን ተንሳፋፊውን በቀጥታ ማውጣት ይሻላል።