የታይሚንግ ካቴና ችግር ያለባችሁ፣ እኚህን መካኒክ ልጠቁማችሁ

ቪትዝ የምትነዱ፣ በተለይ ባለ አንድ ሺህ ሲሲዋን፣ ይህን አንብቡልኝ። ላምበረት አካባቢ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። ሌላ ቦታ "ሞተሩ አልቆለታል፣ ሙሉ ሞተር ግዢ" የተባልኩባትን መኪና ሞተሩ ውስጥ ያለውን የብረት ሰንሰለት፣ ማለትም ታይሚንግ ካቴናውን፣ በመቀየር ብቻ አስነሥተውልኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው እያለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው በድምፅ ነው። ጠዋት ሳስነሳት ሞተሩ ትንሽ ይንቀጫቀጭና ጸጥ ይላል። ቆይቶ የሞተር ምልክቱ ዳሽቦርድ ላይ በራ፣ ዳገት ላይም ጉልበት አጣች። ያኔ ነው አንድ ጋራዥ ሞተር ቀይሪ ያለኝ። ኮፋኖውን ከፍቶ አይቶ፣ የሞተሩን ዋጋ የነገረው ደግሞ አብሮኝ ለነበረው ወንድሜ ነው።

ከሃያ ሁለት ወደ መገናኛ ስሄድ መንገድ ላይ ሞተሯ ጠፋብኝ። የሥራ ባልደረባዬ የእኚህን መካኒክ፣ የጋሼን፣ ስልክ ሰጠችኝ። ደውዬ ምልክቱን ስነግራቸው ሌላ ምንም ሳይጠይቁ "ልጄ፣ በቃ ቁልፉን እንዳትነኪው። ፎሌ አድርጊና (ከማርሽ አውጪና) አስጎትተሽ አምጫት" አሉኝ።

ምክንያቱን በኋላ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ካቴናው ከታች ያለውን ኮለዶካ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ከላይ ካሉት ካምሻፍቶች (ቫልቮቹን ከሚከፍቱት ዘንጎች) ጋር ያያይዛል። ኮለዶካው ሁለት ዙር ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ዙር መዞር አለበት። ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ይህ ልክ ይዛባል። ብዙ ከዘለለ ወይም ከተበጠሰ ደግሞ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ገና ያልተዘጋ ቫልቭ ይመታና ያጣምመዋል። ለዚህ ሞተሩ መነሳት እንኳ አያስፈልገውም፣ ሞቶሪኖው (ማስነሻው) ካዞረው ይበቃል። ማርሽ ውስጥ እያለች ብትጎተትም ያው ነው፣ ሞተሩ ይዞራል።

ስለ ጠዋቱ ድምፅም ጠየቅኳቸው። ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። መኪናው ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ግፊቱ እስኪመለስ ድረስ የላላ ካቴና ይንቀጫቀጫል። "ድምፁ ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም" አሉኝ። ብዙ ሰው ካቴና እንደ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) በኪሎ ሜትር ስለማይቀየር ዕድሜ ልክ የሚኖር ይመስለዋል። ዘይቱ ሲጎድል ወይም ሳይቀየር ሲቆይ ግን የካቴናው ፒኖች ይበላሉ፣ ካቴናውም ይረዝማል።

ሽፋኑ ሲወርድ ጠርተው አሳዩኝ። ካቴናው የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ ተሰባብሯል። ስብርባሪው ዘይት የሚስበውን ወንፊት ሊደፍነው ስለሚችል የታችኛውንም የዘይት መያዣ አውርደው አጠቡት። ይህን ሌላው ቢዘለው ማን ያውቃል? እኔማ አላውቅም ነበር።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ ሄጄ እንድገዛ በወረቀት ጻፉልኝ፦ ካቴናው፣ ቴንሽነሩ፣ ፕላስቲኮቹና ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሶች አንድ ላይ። ያገለገለ እንዳልቀበል አስጠነቀቁኝ። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ሲዘረጉት የአሮጌው መርዘም በዓይን ይታያል። በጣም ያከበርኳቸው ግን ከመጀመራቸው በፊት ባሉት ነገር ነው። "ቫልቩ ተጣሞ ከሆነ የምናውቀው ልኩን ካስተካከልን በኋላ ነው። አሁን ቃል አልገባልሽም።"

ምልክቶቹን አገጣጥመው ካሰሩት በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዞሩት፣ ምልክቶቹም ተመልሰው ገጠሙ። ከዚያ የሁሉንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የእመቃ ግፊት) ለኩ። ሁሉም ደህና ነበር! ካቴናው አንድ ጥርስ ብቻ ነበር የዘለለው። ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዷል ብለው ቢያስከፍሉኝ የማውቀው ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን የሠሩትን ብቻ አስከፈሉኝ፣ አሮጌውንም ዕቃ በካርቶን አድርገው ሰጡኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለቸኮለ ሰው አይሆኑም። እጃቸው ላይ ያለውን መኪና ሳይጨርሱ ሌላ አይነኩም፣ ሥራ ላይ ሆነው ስልክም አያነሱም። ማታ ደውሉላቸው። ጠዋት ጠዋት ያንን ድምፅ የምትሰሙ መጀመሪያ የዘይታችሁን ልክ እዩ፣ ከዚያ ውሰዱላቸው። ስልካቸውን በአደባባይ መለጠፍ ስላልፈለግኩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እጅዎ ይባረክ።