ፋይሉን ሶፍትዌሩ ይሰይመው ወይስ እኛ?

ጅማ ባለው ጋራዣችን በላፕቶፕ ከመኪናው የምንቀዳውን የምርመራ መረጃ ሴቭ ስናደርግ ሁለቱንም ሞክረናል።

ሶፍትዌሩ በራሱ በቀንና በሰዓት ሲሰይም ሥራው ይፈጥናል። በግሪስ እጅ ኪቦርድ መንካት የለም። ግን ቡና ጭኖ የሄደው አይሱዙ ከሳምንት በኋላ ሲመለስ፣ የትኛው ፋይል የእሱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱም ከኛ አቆጣጠር በ6 ይለያል። የላፕቶፑ የሰዓት ባትሪ ከሞተ ደግሞ ቀኑ ራሱ ይሳሳታል።

እኔ የምመርጠው በእጅ መጻፉን ነው፦ ታርጋ፣ ቀን፣ የብልሽት ኮድ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ምልክቶቹን ነው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ እዝባርን (/) አይቀበልም፤ በሰዓት መሃል የሚገባውን ሁለት ነጥብም (:) እንዲሁ። አንድ ቀን አብሮን የሚሠራው ልጅ ቀኑን 12/3 ብሎ ጻፈና ፋይሉ ሴቭ ሳይሆን ቀረ። ብልሽቱ አልፎ አልፎ የሚመጣ ስለነበር፣ ዳግም ለመቅዳት እንደገና እስኪከሰት ግማሽ ቀን ጠበቅን። ባለመኪናው ሲንቆራጠጥ ማየት ያሳዝን ነበር።

አሁን በጭረት ነው የምንጽፈው፣ በቀኑ ውስጥ ዓመቱን አስቀድመን፦ ታርጋ-2017-03-12-ፒ0301። የመጨረሻው ኮድ 1ኛው ሲሊንደር ማቃጠል እንደሳተ ይነግረናል። የአንድ መኪና ፋይሎችም በየቀናቸው ተሰልፈው ይገኛሉ።