ዋናው አጥንት ወይስ ቅጂው? ሉሲን ለሕዝብ የማሳየት ሁለት መንገዶች

ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ሙዚየም ዋናውን ቅሪተ አካል ያውጣ ወይስ ቅጂውን? እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ሉሲ ሁለቱንም አይታለች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ዋናው አጽም አዲስ አበባ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ የብሔራዊ ሙዚየም ጎብኚ የሚያየው ቅጂውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 ግን ዋናው አጽም ራሱ አሜሪካ ነበር፤ በዚያ ጉዞ መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበውም በሂውስተን ነው።

ዋናው አጽም ሰው ይጠራል። ከመስታወቱ ማዶ ያለው ራሱ ያ አጥንት መሆኑን ማወቅ የሚያሳድረውን ስሜት የትኛውም ቅጂ አይሰጥም። አደጋው ግን ከባድ ነው፤ ቢሰበር ምትክ የለውም። በጉዞ ላይ እያለ ደግሞ ሊያጠናው አዲስ አበባ የመጣ ተመራማሪ ምን ይሠራል? ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም ዐውደ ርእዩን ያልተቀበለውም ለአጽሙ ደኅንነት በመስጋት ነበር።

ቅጂው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ትምህርት ቤት ድረስ ይሄዳል፤ ዐይነ ስውር ተማሪ በጣቱ ይዳስሰዋል። ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ሌላ ጥቅሙን ነው፤ ከአጽሙ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ አዘጋጁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሞልቶ ቢያቆመው ተመልካቹ ሳይንስ ምን እንዳገኘና ምን እንደገመተ በአንድ እይታ ይለያል። በዋናው ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ማን ይደፍራል!

ለቋሚ ዐውደ ርእይ ምርጫዬ ቅጂው ነው፤ ቅጂ መሆኑ በጉልህ ይጻፍ እንጂ። ዋናው ለአጭር ዝግጅት ይውጣ ከተባለም፣ ከውጭ አገር ከተሞች በፊት ለአዲስ አበባ ተማሪዎች ቢታይ እመርጣለሁ።