ርካሽ አርኬድ ስቲክ ለመግዛት፦ ሆሪ ሚኒ፣ ሜይፍላሽ ኤፍ300 ወይስ ደሴ ላይ የሚሠራ የዋንዛ ሣጥን?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ጌም ቤቶች «ጆይስቲክ» ሲባል ሰው የሚረዳው በሁለት እጅ የሚያዘውን የፕሌይስቴሽን መጫወቻ ነው። እዚህ የሚነጻጸረው ግን ጭን ወይም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በግራ እጅ ዘንጉ የሚዘወረው፣ በቀኝ እጅ ትልልቅ ክብ ቁልፎቹ የሚመቱት፣ ለተከንና ለስትሪት ፋይተር ዓይነት የድብድብ ጨዋታዎች የሚመረጠው አርኬድ ስቲክ ነው። ከውጭ የመጣ ዕቃ ወሎ ውስጥ ሲበላሽ ለሻጩ መልሶ መላክ የማይታሰብ በመሆኑ፣ ከዋጋው ቀጥሎ የምመለከተው ዕቃው ተከፍቶ ያረጀው ክፍል በሌላ ሊተካ መቻሉን ነው።

በዚህ መለኪያ ሆሪ ፋይቲንግ ስቲክ ሚኒ ቶሎ ይወድቃል። ትንሽና ቀላል ስለሆነ ከመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ለፕሌይስቴሽን የተፈቀደው ዓይነትም ሌላ መጫወቻ ሳይፈልግ በቀጥታ ይሠራል። ነገር ግን ቁልፎቹ ከተለመደው የ30 ሚሊሜትር መጠን ያነሱ ናቸው፤ ዘንጉም በታወቁት መለዋወጫዎች በቀላሉ አይተካም። ጨዋታው ሲግል ክብደት የሌለው ሣጥን ከጠረጴዛው ላይ መንሸራተቱም አይቀርም። ለልጅ ስጦታ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ጌም ቤት ግን አልመክረውም።

ሜይፍላሽ ኤፍ300 ሰፋ ያለና ከበድ ያለ ነው። ከኮምፒውተር፣ ከፕሌይስቴሽን 3 (ፒኤስ 3) እና ከፕሌይስቴሽን 4 (ፒኤስ 4) ጋር ይሠራል። ይሁን እንጂ በፒኤስ 4 ላይ እንዲሠራ ኦሪጅናል የሆነ የፒኤስ 4 ጆይስቲክ በሽቦ ከስቲኩ ጋር መገናኘት አለበት፤ ማሽኑ ፈቃድ የሌለውን መጫወቻ ከ8 ደቂቃ በኋላ ያቋርጠዋልና። ስለዚህ ያለዎት ጆይስቲክ ቅጂ ከሆነ የኦሪጅናሉን ዋጋ በስቲኩ ዋጋ ላይ ደምረው ያስቡ።

አብረውት የሚመጡት ዘንግና ቁልፎች ተራ ናቸው፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ይበቃሉ። ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው ሲያረጅ ነው፤ የታችኛው ክዳን በብሎን መፍቻ ተከፍቶ የጃፓኑ ሳንዋ ኩባንያ 30 ሚሊሜትር ቁልፎችና ጄኤልኤፍ የተባለው ዘንግ ሊገቡለት ይችላሉ። ጄኤልኤፍ ከሥሩ በአራት ማዕዘን ማዕቀፍ የተከበበ ስለሆነ እጅ ሰያፍ አቅጣጫዎችን ማዕዘኖቹ ላይ ያገኛቸዋል፤ ይህ የማይመቸው ሰው ማዕቀፉን ብቻ በስምንት ማዕዘን መለወጥ ይችላል። ተከን ብቻ የሚጫወት ሰው ደግሞ በስፕሪንግ ፋንታ በጎማ ወደ መሐል የሚመለሰውን የኮሪያ ዘንግ ሊመርጥ ይችላል፤ ከሥሩ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ ግን ሳይለካ መግዛት አያዋጣም።

ሦስተኛው መንገድ ስቲኩን እዚሁ ማሠራት ነው። አናጢ የዋንዛ ሣጥን ይሠራል፤ ከውጭ የሚመጡት ዘንጉ፣ ቁልፎቹና የእነሱን እንቅስቃሴ ለማሽኑ የሚያስተላልፈው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ብቻ ናቸው። በቦርዱ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። «ዜሮ ዲሌይ» (ምንም መዘግየት የሌለው) የሚባለው ርካሽ ቦርድ በስሙ ቃል እንደሚገባው ሳይሆን የጥቂት ሚሊሰከንዶች መዘግየት አለው። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጨዋታ አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሆነ፣ ጀማሪ ይህን መዘግየት ላያስተውለው ይችላል፤ የለመደ እጅ ግን ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በ4 ዶላር ዋጋ ገበያ ላይ የዋለው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተባለ ትንሽ ቦርድ ጂፒ2040-ሲኢ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሲጫንበት መዘግየቱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይሆናል። ሽቦውን ግን ሶልደር ማድረግ የሚችል የሞባይል ጠጋኝ ያስፈልጋል፤ በፒኤስ 4 ላይ የፈቃዱ ጣጣ እዚህም ስላለ ይህ ምርጫ በይበልጥ ለኮምፒውተር ተጫዋች ይስማማል።

ለአናጢው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። በፕላስቲክ ጥርስ ተይዘው የሚቀመጡ ቁልፎች በወፍራም ጣውላ ላይ አይነክሱም። ስለዚህ ከሥር በቀለበት የሚጠብቁትን መግዛት፣ ወይም የላይኛውን ክዳን ከቀጭን ላሜራ ማሠራት ያስፈልጋል። ዘንጉ የሚገባበት ቦታም ከውስጥ ካልተፋቀ ዘንጉ ከላይ አጥሮ ይቀራል።

ኮምፒውተር ያለውና ትዕግሥት ያለው ሰው የዋንዛውን ቢያሠራ እመርጣለሁ። ጌም ቤት ላለው ሰው ግን ኤፍ300 ይሻላል፤ ከዕቃው ጋር ሁለት ሦስት ትርፍ ቁልፎችን አብሮ ቢያስመጣ፣ አንዷ ቁልፍ በተሰበረች ቁጥር መንገደኛ እስኪገኝ ወንበሩ ባዶ አይውልም።