ደሴ ያለችው የሸክላ ሱቅ፦ ጀበናው አሪፍ፣ ሰዓቱ ግን...

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንዲት ሸክላ ሠሪ የራሷን ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ከጓሮ ትሠራለች፣ ከፊት ትሸጣለች። ችግሩም እዚህ ጋ ነው። እጇ ጭቃ ከነካ "አንዴ ጠብቁኝ" ትላለች፣ አንዴው ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ጠዋት አትልፉ፣ ጠዋት የጭቃ ነው።

ዕቃው ግን ልብ ያደርሳል። ጀበናውን አንስቼ በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ (ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ድምፁ ድፍን ይላል፣ ስትገዙ ሞክሩት)። አንገቱ ከሆዱ የተያያዘበት ቦታ አይለይም፣ ጆሮውም ሁለት ጣት በደንብ ያስገባል። ሳይደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ስለምታሸው ያለ ምንም ቀለም ያብረቀርቃል።

ዋጋው? ከባቲ የሰኞ ገበያ በጣም ይወደዳል። "ምነው እህቴ?" ስላት እሳት ላይ የፈነዱትን አሳየችኝ። በደንብ ያልደረቀ ሸክላ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ይሆንና ይሰነጥቀዋል፣ የሱቅ ኪራይ ደግሞ ስንት ተሰበረ ብሎ አይጠይቅም። ገባኝ። ግን ዋጋውን ለጥፊበት በናትሽ፣ እያንዳንዱን እየጠየቁ መግዛት ያሳፍራል።

አንድ ሌላ ነገር፣ አሟሽታ አትሸጥም። አቦል ከመጣዱ በፊት የማሟሸቱ ሥራ የእናንተ ነው። ወደ አዲስ አበባ የምትወስዱ ደግሞ ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ እሷ ጋ ያለው ጋዜጣ ብቻ ነው።