ጊታሪስቱ ሲሄድ፦ ሌላ መተካት ወይስ በቀሩት መቀጠል?

ነባር ጊታሪስቱን ያጣ የሮክ ባንድ ሁለት መንገድ አለው።

መተካት፦ ኤሲዲሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ጊታሪስቱ ማልኮም ያንግ በሕመም ሲለቅ የወንድሙን ልጅ ስቲቪን አስገባ። ስቲቪ በ1988ም የኮንሰርት ጉዞ ላይ ተክቶት ስለነበር ለዘፈኖቹ እንግዳ አልነበረም። የባንዱ ድምፅ ብዙም አልተናጋም። ግን ተተኪ ሁሌም ከቀድሞው ጋር ይመዘናል፤ ማልኮም ደግሞ ሪትም ጊታር (የዘፈኑን ምት የሚይዘውን) ተጫዋች ነበር፣ ሲኖር የማይታይ፣ ሲጎድል የሚሰማ።

በቀሩት መቀጠል፦ ጀነሲስ በ1977 ስቲቭ ሃኬት ሲለቅ የባንዱ አባል አድርጎ ማንንም አልተካም። ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር) ተጫዋቹ ማይክ ራዘርፎርድ ስቱዲዮ ውስጥ ጊታሩንም ያዘ። ዘፈኖቹ አጠሩ፤ የድሮው አድማጭ ቢያኮርፍም አዲስ መጣ። መድረክ ላይ ግን አንድ ሰው ቤዝና ጊታርን በአንዴ አይችልም፤ ለጉዞ ዳሪል ስቱርመርን ቀጠሩ።

አንድ የታወቀ ድምፅ ይዞ ለሚኖር ባንድ መተካቱ ይሻላል። ዜማ ደራሲዎቹ ካሉ ግን እኔ ሁለተኛውን እሞክር ነበር።